አባቴ ለፊልም የሞቱ ጊዜ

ሬሳ የሚሆንልኝ ሰው አጣሁ። አሰበ ተፈሪን ከላይ እስከ ታች ዞርኩ፤ አንድም ሰው እሺ አላለኝም። ጊዜው የሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው። አዲስ አበባ ፊልም ሥራ ከሚማሩት ጥቂት ልጆች አንዱ ነበርኩ። ለክረምት ዕረፍት ስመጣ ትምህርት ቤቱ እንደ ሰዓት የሚጠመዘዝ ካሜራና ሦስት ጥቅል ፊልም አስይዞኛል። አሥር ደቂቃ የሚሆን ልብ አንጠልጣይ ፊልም ሠርቼ ካላቀረብኩ ወደ ሁለተኛው ዓመት አላልፍም። ታሪኬ ቀላል ነበር። አንድ ነጋዴ ከገበያ ሲመለስ አንድ ሰው ይከተለዋል፤ በመጨረሻ ነጋዴው መንገድ ዳር ወድቆ ይገኛል። ወድቆ የሚገኘው ሰው ነው የጠፋው።

አብሮ አደጎቼ ግማሾቹ ድሬዳዋ፣ ግማሾቹ ሐረር ሄደዋል። የቀሩትም እንደ ድሮው አልሆኑልኝም፤ "የአዲስ አበባው ሰውዬ መጣ" ብለው ያሾፉብኝና ቀስ እያሉ ይበተናሉ። ብቻዬን ካሜራ አንግቤ እዞር ነበር። ሊገድልልኝ ፈቃደኛ የሆነ አንድ ሰው አግኝቼ ነበር፤ ለመሞት ግን "ሂድ ወዲያ፣ ምን ያሟርትብኛል!" ነው የሁሉም መልስ። ያ ገዳይ የተባለውም በቀጠሯችን ቀን ቦኬ ገበያ ሄደ ተባልኩ። ምን ላድርግ፣ ገዳዩን ራሴ ሆንኩ። ካሜራውን ወደ ታች አዘንብዬ የገዛ ጫማዬን እያነሳሁ ሄድኩ። በኋላ አስተማሪዬ ይህን ሲያይ የገዳዩን ፊት አለማሳየትህ ትልቅ ዘዴ ነው ብሎ አመሰገነኝ። ምን ዘዴ አለው፣ ሰው አጥቼ ነው እንጂ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እናቴ ከሞተች በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ነን፤ ቀኑን ሙሉ የምንለዋወጠው ቃል ቢቆጠር አሥር አይሞላም። "በላህ?" ይላሉ። "በላሁ" እላለሁ። አልተጣላንም፤ እንዲያው እናቴ ነበረች የምታነጋግረን፣ እሷ ስትሄድ ወሬውም አብሯት ሄደ። ታዲያ አንድ ቀን እራት ቀርቦ ሳለ አባቴ ድንገት ቀና አሉ።

"አጣህ አሉ።"

"ምኑን?"

"ሬሳ።"

"አጣሁ።"

ጉርሻቸውን አላምጠው ዋጡ። "በል፣ እኔ እተኛልሃለሁ" አሉኝ።

"ኧረ አባባ! እርስዎ? ሰውስ ምን ይላል?"

"ሰው መቼ ዝም ብሎ ያውቃል? ይልቅ በጎን ነው የምተኛው በጀርባ?"

በማግስቱ ወደ ሂርና በሚወስደው መንገድ ወጣ አልንና ከአንድ ጠመዝማዛ አጠገብ ሳሩ ላይ አስተኛኋቸው። በርበሬ በውኃ በጥብጬ አሮጌ ሸሚዛቸው ላይ አፈሰስኩባቸው። ካሜራዬን ጠምዝዤ ማንሳት ስጀምር አህያ የሚነዳ ገበሬ ደርሶ ክው አለ። "ማል ታኤ?" አለ፤ ምን ሆኖ ነው ማለቱ ነው። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ሬሳው ዓይኑን እንደ ጨፈነ "ሆማ ሚቲ!" ብሎ መለሰለት። ምንም አይደለም! ገበሬው እኔን አየ፣ አባቴን አየ፣ አህያውን እየነዳ ነካው። ሁለታችን ሳቅ በሳቅ ሆንን። አባቴ እንደዚያ ሲስቁ እናቴ ከሞተች ወዲህ አይቼ አላውቅም ነበር። ያንን ጠዋት በሕይወቴ በምንም አልለውጠውም።

ተመልሰው ሲተኙ ግን አንድ አውቶቡስ ወደ ሂርና አለፈ። እጄ ካሜራው ላይ ስለነበር ልብ አላልኩትም።

የአባቴ ታናሽ እህት ሂርና ነበር የምትኖረው። በነጋታው ጎህ ሲቀድ በጭነት መኪና ሰባት ስምንት ሰው አስከትላ ደረሰች። ገና ከመንገዱ ጀምራ ደረቷን እየደቃች "ወንድሜን! ወንድሜን!" ትላለች። አባቴ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ወጡና "ምነው እቴ፣ ማን ሞተብን?" አሏት። አክስቴ እዚያው ዝልፍልፍ አለች። ውኃ ረጭተን ስናነቃት መጀመሪያ እሳቸውን በጥፊ፣ ቀጥሎ እኔን በነጠላዋ ጫፍ መታችን። ከዚያ አንገታቸውን አቅፋ አልለቅም አለች። አብረዋት የመጡት "ክፉው በዚህ ይለፍልዎ" ብለው ሳቁ፤ ለቅሶ የመጣ ሰው ባዶ ሆዱን አይሄድም ተባለና በልተው ጠጥተው ተመለሱ።

እኔም ክረምቱ ሲወጣ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ወሬው ግን እኔን ተከትሎ በየመኪናው ይመጣ ጀመር። አንድ ያገሬ ሰው መንገድ ላይ አቅፎኝ "እግዚአብሔር ያጽናህ" አለኝ። ሌላዋ ሳታናግረኝ ማልቀስ ጀመረች። ሦስተኛው የማስተዛዘኛ ደብዳቤ ላከልኝ። ለሁሉም እየሳቅኩ አስረዳሁ፤ በኋላ ግን ሰለቸኝ።

ፊልሙ ውጭ አገር ታጥቦ የመጣው ኅዳር ላይ ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይሠሩ ነበር፤ ቁጥራችን ጎደሎ ስለነበር ብቻዬን የቀረሁት እኔ ነኝ። መስኮቷ በጥቁር ጨርቅ በተሸፈነች ክፍል ውስጥ ፊልሙን በመቀስ መቁረጥ፣ ጫፉን በምላጭ መፋቅ፣ አፍንጫ በሚሰነፍጥ ማጣበቂያ መቀጠል ነው። ቁርጥራጩን በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ እሰቅላለሁ። ትልቁ ችግሬ የአባቴ ደረት ነበር። ሬሳው ይተነፍሳል! ያነሳሁትን ሁሉ ባየው ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሥራዬ ትንፋሻቸውን እየፈለጉ ቆርጦ መጣል ሆነ። ሳምንቱን ሙሉ ከማንም ጋር ሳልነጋገር ከእሳቸው ፊት ጋር ብቻ ከረምኩ። ናፈቁኝ። ደብዳቤ ልጻፍ አልኩና ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ።

ፊልሙ የሚታየው ዓርብ ነው። ማክሰኞ ማለዳ የተከራየኋት ክፍል በር ተንኳኳ። ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከሂርና ዕቃ ሊገዙ የመጡ ነጋዴዎች፣ አንዱን በዓይን ብቻ ነው የማውቀው። መኪናቸው ሊነሳ ስለሆነ ቸኩለዋል። "አክስትህ ናት የላከችን" አለ ትልቁ፤ መሬት መሬት እያየ ነው። "አባትህ ትንሽ አሟቸዋል። ከእኛ ጋር ብትሄድ ጥሩ ነው።"

ማለዳ፣ ሁለት ሰው፣ "ትንሽ አሟቸዋል"። ያገራችን ሰው መርዶ የሚያረዳው እንዲህ አይደል? ሞተ ብሎ የሚነግርህ የለም፤ አሞታል ብሎ ነው መንገድ የሚያስጀምርህ። እኔም ሳቄ መጣ። ከሂርና! ያ የክረምቱ ወሬ ዛሬም አልሞተም ማለት ነው።

"ሞቱ ልትሉኝ ነው አይደል?" አልኳቸው።

"ኧረ አልሞቱም! ወላሂ ታመው ነው" አለ ትልቁ ደንግጦ።

መርዶ የሚያረዳም ሰው እንዲሁ ነው የሚምለው። አባቴ የሞቱት ለፊልም መሆኑን አስረዳኋቸው፤ የተኙበትን ቁራጭ እንኳ ከቦርሳዬ አውጥቼ ወደ ብርሃን አንስቼ አሳየኋቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ትልቁ አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት መኪናው ጡሩንባ ነፋ። "እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" ብለውኝ ሄዱ።

ዛሬ ሽማግሌ ሆኜ ልዋሽ አልፈልግም። በሩን ስዘጋ ልቤን አንድ ነገር ቆንጠጥ አድርጎኝ ነበር። ሮጬ ብደርስባቸው እደርስ ነበር። ግን ዓርብ አለ፤ ፊልሙ ገና አላለቀም። ማመን የሚመቸኝን አመንኩ።

ዓርብ ፊልሙ ታየ። አባቴ ሳሩ ላይ ወድቀው ሲታዩ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ሲያልቅ ተጨበጨበልኝ። አስተማሪዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ማለፌን ነገረኝ። በደስታ ለአባቴ የመጀመሪያውን ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አራት ገጽ ሞላ። ሰኞ ደብዳቤውን ላስገባ ስል ቴሌግራም ደረሰኝ። ቅዳሜ ተቀብረዋል።

ማክሰኞ ምሽት ላይ አሰበ ተፈሪ ደረስኩ። ለቀስተኛው ከድንኳኑ ተነስቶ አስለቀሰኝ፤ አንድም ክፉ ቃል የተናገረኝ የለም። አክስቴ ጥጉ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። ድምፅዋ ጠፍቷል።

"ፊቴን ወደ በሩ አዙሩልኝ አሉ" አለችኝ። "አራት ቀን ሙሉ ጋሼ መኪና በቆመ ቁጥር 'መጣ?' ይላሉ። እኛም 'መንገድ ላይ ነው' እንላቸዋለን።"

"የክረምቱ ወሬ መስሎኝ ነው፣ አክስቴ" አልኳት። "ውሸት መስሎኝ።"

ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣም የለባትም።

"እኔ ለውሸቱ እንኳ መጥቼ ነበር" አለችኝ።