ለመክት ደም

ሽንፋ ወንዝ መሻገሪያው ራስጌ የኩርኩራ ዛፍ የበቀለባት አንዲት ጉብታ አለች። ጣልያን መተማን ይዞ በነበረበት ዘመን አንድ ጧት እዚያ ላይ በደረታችን ተኝተን ጠላት ጠብቀናል። ልጆች፣ ስለ ጦርነቱ ስትጠይቁኝ ስለ ባንዲራ እንዳወራላችሁ ትፈልጋላችሁ። ባንዲራውንም እወድ ነበር። የዚያን ዕለት የተኛሁት ግን ለውሻዬ ነው።

ስሙ መክት ይባላል። ቀይ ውሻ ነው፤ አንድ ጆሮውን ጅብ ቦጭቆታል። ማሽላችንን ከዝንጀሮና ከከርከሮ የሚጠብቀው እሱ ነበር። ባለቤቴ በንዳድ የወደቀች ጊዜ፣ እስክትነሣ ድረስ ከደጃፉ አልተነቃነቀም፤ የጣልንለትን ቂጣ እንኳ አልነካም። ልጄ መቆም የተማረው የመክትን ጀርባ ተደግፎ ነው። ጅራቱን ሲጎትተው፣ ደህናውን ጆሮ ሲያኝክበት፣ ዝም ይለው ነበር። ባዕድ ሰው ግን አጥራችንን በሰላም አያልፍም።

ቢሻው ባዕድ አልነበረም። የልጄን ክርስትና ያነሣ አበልጄ ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ አበልጅ ከወንድም አይተናነስም። ሲመጣ መክት ከሩቅ ሮጦ ይቀበለው፣ እሱም ከሚበላው እየቆረሰ ይጥልለት ነበር። ጣልያን ሲገባ እኔ ዱር ገባሁ፤ ቢሻው ባንዳ ሆነ።

አንድ ማለዳ እኔ ከጦሩ ጋር ሳለሁ ቢሻው የጣልያን ወታደሮች እየመራ ቤቴ መጣ። ባለቤቴ ልጁን አዝላ ውሃ ወርዳ ስለነበር፣ ሁሉንም ከወንዙ ዳር ተደብቃ አየች። ቢሻው ወታደሮቹን ከአጥሩ ውጭ አቆመና ብቻውን ገባ። «መክት! ና፣ መክት!» አለው። መክት ሳይጮህ ጅራቱን እየቆላ ሄደ። እጁን ሲልስ፣ በጠመንጃው ሰደፍ አናቱን ብሎ ጣለው። ከዚያ ከብቱን ነዱ፤ የማሽላውን ክምር አቃጠሉ።

ከብት ይዘረፋል፣ ጦርነት ነው። እህልም ይቃጠላል። ቢሻው ፊት ለፊት ቢተኩስብኝም እችለው ነበር። አምኖት የመጣውን ውሻ ግን እጁን እያስላሰ ገደለው። ይህን መቻል አቃተኝ።

በእኛ ዘንድ ውሻ ሲሞት ገደል ይጣላል እንጂ አይቀበርም። እኔ ግን ባለቤቴ ልካብኝ ከዱር መጥቼ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርሁት። ምሽግ አብሮኝ የሚያድር ጓዴ አያልነህ ተከትሎኝ መጥቶ ነበርና፣ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «ፍታትም ይፈታለት እንዴ?» አለኝ። ቀና ብዬ ሳየው ሳቁን ዋጠ፤ ዶማውን ከእጄ ተቀበለኝ። አፈሩን እየመለስን ሳለ፣ የመክትን ደም ልመልስ ማልሁ።

«ኧረ ተው አንተ፣ አበልጅህ እኮ ነው» አለኝ አያልነህ።

«አበልጄ የነበረው እስከዚያ ማለዳ ነው» አልሁት።

መኸሩ እንዳለፈ የጣልያን ስንቅ በመሻገሪያው እንደሚያልፍ ወሬ ደረሰን። ጎህ ሳይቀድ ጉብታው ላይ ወጣን። አለቃችን ግራዝማች «ፊተኞቹ ውሃ ውስጥ ሳይገቡ የሚተኩስ ሰው እንዳይኖር!» ብለው አዘዙ። ፀሐይ ስትወጣ ባንዶቹ ብቅ አሉ። ከፊት መንገድ የሚመራው ቢሻው ነበር። በምንሽር ጠመንጃዬ አነጣጠርሁበት። ጣቴ አላስችል አለኝ። ግራዝማች አይተውኝ ኖሮ «ቆይ» አሉኝ። ቆየሁ። ውሃው ጉልበቱ ላይ ሲደርስ «በል!» አሉ። ተኮስሁ። ወደቀ።

ሁላችንም ተኮስን። በበቅሎ የጫኑትን መትረየስ ሳያወርዱ በቅሎውንም ሰዎቹንም ጣልን። ኋለኞቹ ግን ማዶ ያዙና መለሱልን። አያልነህ ከጎኔ ደረቱን ተመታ። «ወይኔ» ብቻ አለ። ረፋድ ላይ የተረፉት ሸሹ።

ወደ ወንዙ ወረድሁ። ቢሻው ከውሃው ተስቦ ወጥቶ ከዳር ተንጋሏል፤ ነፍሱ አልወጣችም። ዐወቀኝ።

«አበልጄ፣ አንተ ነህ የመታኸኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«ከብትህን እኮ ጣልያን ነው የወሰደው። እኔ አንዲት ጊደር አልነካሁ።»

«ለከብቱ አይደለም። ለመክት ነው።»

ግንባሩን ቋጠረ። በዚያ ስም የሚጠራ ሰው ሲፈልግ አየሁት።

«መክት ማን ነው?» አለኝ።

አፌን ስከፍት ዐይኑ ፈጥጦ ቀረ።

ከእኛ አያልነህና አንድ የቋራ ሰው ሞቱ፤ ተሸክመን ወስደን ከቤተ ክርስቲያን ቀበርናቸው። ከእነሱ ስምንት ቆጠርን። ግራዝማች ትከሻዬን ያዝ አድርገው «እንግዲህ ቂምህ ወጣልህ» አሉኝ። እጅ ነሣሁ፤ አለቃን መቃወም ነውር ነው። አልወጣልኝም ነበር። ሸምግዬም አልወጣልኝ። የንስሐ አባቴ ይቅር በለው ይሉኛል፤ ይቅር ልለው ስነሣ ያ ጥያቄው ይመጣብኛል። ለምን እንደገደልሁት ሳያውቅ ሞተብኝ።