በጸጥተኛው ሰፈር በር ላይ ሦስት መኪና

በተሰደድንበት ከተማ መሃል ካለው ከሂልብሮው ወደዚህ ሰፈር የመጣነው በወረርሽኙ የመጀመሪያ ክረምት ነው። እዚያ ፎቅ ላይ አንዱን ክፍል በመጋረጃ ከፍለን ከሌላ ቤተሰብ ጋር እንኖር ነበር። የልጃችን ደረት ደካማ ስለሆነ ባለቤቴ እንውጣ አለ። አንዲት ነጭ አሮጊት ከግቢያቸው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቤት አከራዩን። አልሐምዱሊላህ፣ የሌላ ሰው ሳል የማይሰማባት ቤት ናት።

የሰፈሩ ጸጥታ ግን ያስፈራል። ግንቡ ሁሉ ረጅም ነው፤ በላዩ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተዘርግቷል። በእግሩ የሚሄድ ሰው ከተገኘ ወይ ሠራተኛ ነው፣ ወይ ሌባ። እኛ የትኞቹ እንደሆንን ጎረቤቶቹ ገና አልወሰኑም ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አከራያችን የሰፈሩን ዋትሳፕ አሳዩኝ። ባለቤቴ ለሱቁ የገዛውን የዘይት ካርቶን ከመኪና ሲያወርድ ከኋላው ፎቶ ተነሥቷል። ከሥሩ «ይህን ሰው የሚያውቅ አለ?» የሚል ተጽፏል።

«እኔ አውቀዋለሁ ብያቸዋለሁ» አሉኝ።

አመሰገንኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ማዶ ያለው የጎረቤት መጋረጃ በተነቃነቀ ቁጥር ልቤ አብሮ ይነቃነቅ ጀመር። አከራያችን ስሞታ ከበዛባቸው ያስወጡናል። ያቺን ልጅ ይዤ ወደዚያ ክፍል መመለስን ከምንም በላይ ፈራሁ።

አንድ ሐሙስ ባለቤቴ ዳቬይተን የሚባል ሰፈር ያለውን ሱቁን በጊዜ ዘግቶ መጣ።

«ስልክሽን ስጪኝ።»

«ምን ሊሆንህ?»

«ላሠራልሽ። ይዘገያል ስትዪ አልነበር?»

የራሱ ስልክ መስታወቱ ከተሰነጠቀ ዓመት አልፎታል። ሰጠሁት። ማግስቱ አርብ፣ ሁልጊዜ ከእናቴ ጋር የምነጋገርበት ቀን ነው፤ «በሱ ስልክ እደውላለሁ» ብዬ ተውኩት።

«አባትሽ ምን ሆኗል?» ብዬ ልጄን ጠየቅኳት። «እማ፣ እኔ ምንም አላውቅም፣ ፕሊስ» አለችና በሩን ዘጋች። እሷ በር ዘግታ አታውቅም።

ያንኑ ሐሙስ ሲመሻሽ ባለቤቴ ከአከራያችን ጋር በሹክሹክታ ሲያወራ አየሁ። እሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል። እኔን ሲያዩ ሁለቱም ዝም አሉ። በቃ፣ ውጡ ብለውታል፤ ሲያዝኑልን ነው አልኩ። ገብቼ ሳህኖቹን በጋዜጣ እየጠቀለልኩ ካርቶን ውስጥ መደርደር ጀመርኩ።

ባለቤቴ ሲገባ ደነገጠ። «ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየተዘጋጀሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ዐይን አለኝ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ሲነጋ እንነጋገራለን። አሁን በአላህ፣ እራትሽን ብዪ።»

እኔ የማልበላ ይመስል ሦስት ጊዜ ለመነኝ። በላሁ። እኛ አገር ሰውን አብልቶ፣ አስተኝቶ፣ ምን እንደሚነገረው አውቃለሁ። ያን ዕለት ግን ከቤቱ ሌላ ነገር አልታየኝም።

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት፣ የሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ ሱብሒን ሰግጄ ከመስገጃዬ ሳልነሣ መኪና ቆመ። ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛው መጣ። በመስኮት ሳይ፣ በብርዱ ጋቢና ጃኬት የደረቡ፣ አፍንጫቸውን የሸፈኑ ሰዎች በሩ ላይ ቆመዋል። ዕቃችንን ሊያወጡ ነው አልኩ። ወዲያው አራተኛ መኪና ብርቱካናማ መብራቱን እያሽከረከረ ደረሰ፤ የሰፈሩ ጥበቃ ነው። ዘበኛው መሣሪያውን እንደያዘ ወረደ።

ወጣሁ። ከፊት የቆሙት ሴት ማስካቸውን ሲያስተካክሉ ለየኋቸው፤ ሂልብሮው ከመጋረጃው ወዲያ ይኖሩ የነበሩት እናት ናቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ የኛ ሰዎች ናቸው!» አልኩ ጮክ ብዬ። በእውነት ደስ ብሎኝ ነበር።

ሁሉም አንገታቸውን ደፉ።

«መሰብሰብ ክልክል ነው። ሰው እየደወለ ነው» አለ ዘበኛው በእንግሊዝኛ።

አከራያችን በሌሊት ልብሳቸው ከዋናው ቤት ወጥተው መጡ። «እናቷ አገር ቤት ሞተዋል። እነዚህ ሊነግሯት ነው የመጡት» አሉት።

መርዶዬን የሰማሁት እንዲህ ነው፣ ለዘበኛ ሲነገር። ሊያረዱኝ የመጡት ሽማግሌዎች ሌሊቱን ሲያዘጋጁት ያደሩት ቃል አፋቸው ውስጥ ቀረ። ባለቤቴ ከኋላ ያዘኝ።

«ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አልኩ።

ዘበኛው ኮፍያውን አወለቀ። «አሥር ደቂቃ፣ ማማ» አለና መብራቱን አጠፋልኝ። አላህ ይስጠው።

የሂልብሮዋ እናት አትነካኩ የሚለውን ደንብ ሁሉ ረስተው አቀፉኝ። «አልቅሺ፣ ልጄ። ይውጣልሽ» አሉኝ።

ድምፄን ውጬ አለቀስኩ። በኋላ ለቀስተኛው ሁሉ ትዕግሥቴን አመሰገነ፤ ዋይታ ዲናችን እንደማይወድ የሚያውቁ ሰዎች ናቸውና ጥሩ ሙእሚን ነሽ አሉኝ። እኔም ዝም ብዬ ተቀበልኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የመንገዱ መስኮቶች አንድ በአንድ ሲበሩ እያየሁ ነበር። ለእናቴ ያልጮኽኩት ከቤቱ እንዳያስወጡን ፈርቼ ነው።