ብቸኛ ያልነበረው ቁጥር

ሥርጉትን «መምህርሽን ይቅር በዪው» የሚላት ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን አልላትም። አብሬያት ተምሬ ያን ቀን ዝም ያልኩ ሰው ነኝ፤ በምን አፌ?

ዛሬ ዲላ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። መሆን የፈለገችው ግን አስተማሪ ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ አሁን በተዘጋ አንድ የግል ኮሌጅ፣ መምህር ኪዳነወልድ «62,615,533 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን አሳዩ» ብሎ የማጠቃለያ ሥራ ሰጠን። ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም ማለቱ ነው። እሱ ያደለንን የብቸኛ ቁጥሮች ሰንጠረዥ ተከፋፍለን ሳምንት ሙሉ በካልኩሌተር ስናካፍል ከረምን። አንዱም አላካፈለውም።

ሥርጉት አንድ መስመር ብቻ ጻፈች። 7913 በራሱ ሲባዛ ከዚያ ቁጥር በ36 ይበልጣል፤ 36 ደግሞ ስድስት በስድስት ነው። ስለዚህ 7913 ላይ አንዴ ስድስት ተቀንሶ፣ አንዴ ስድስት ተጨምሮ ሁለቱ ሲባዙ ቁጥሩ ይገኛል፤ 7907 በ7919።

«ከማን ቀዳሽው?» አላት ክፍሉ ፊት። ዜሮ ሰጣት፤ በዚያው ከኮሌጁ ተባረረች። ማባዛት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። እኔ ከጠረጴዛዬ ሥር በካልኩሌተር አባዝቼ፣ ልክ መሆኗን አይቼ፣ ዝም አልኩ። ፈሪ ነበርኩ።

ጥፋቱ የት እንደነበር ያወቀችው ኮፒ ቤት ተቀጥራ ስትሠራ የሰንጠረዡ ዋና ቅጂ እጇ ሲገባ ነው። የእኛ ኮፒ ሲነሳ የመጨረሻው መስመር ተቆርጦ 7901 ላይ ቀርቷል። ቀጣዩ 7907 ነበር። እስከ ዛሬ ኮፒ ስታነሳ አስቀድማ የምታየው የወረቀቱን ግርጌ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዘንድሮ ኪዳነወልድ መጽሐፍ ጽፎ እሷ ቤት ሊያሳትም መጣ፤ አላወቃትም። ገጽ አርባ ላይ ያው ቁጥር ብቸኛ ተብሎ ተቀምጧል። ሥርጉት ስህተቱን እንዳለ ትታ ሁለት መቶውንም ቅጂ አሳምራ አተመችለት። መጽሐፉ የተመረቀ ዕለት አዳራሽ ሙሉ መምህር ባለበት እጇን አወጣች፤ «መምህር፣ እስቲ 7907ን በ7919 ሰሌዳው ላይ ያባዙልን» አለችው። አባዛ። 62,615,533 ብሎ ጽፎ ሲጨርስ ገጽ አርባን ከገለጡት ዘንድ ሳቅ ተነሳ።

በማግስቱ በዝናብ እየበሰበሰ መጣ። «እህቴ፣ ይህችን ማረሚያ ሁለት መቶ ኮፒ።»

ከመሳቢያዋ የቆየ ወረቀት አወጣች። «መጀመሪያ የኔን ያርሙልኝ።»

ስሟን አነበበ፤ ያኔ አወቃት። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እያየው ዜሮውን ሰርዞ ሃያ ከሃያ ጻፈና ፈረመ።

«አሁን ምን ይጠቅምሻል?»

«ምንም» አለችና ከዋጋ ዝርዝሩ በላይ ለጠፈችው።

«ማረሚያዬስ?»

«ማሽኑ ተበላሽቷል።»

ማሽኑ ደህና ነበር። ከኋላው የቆምኩትን እኔን ወዲያው አስተናገደችኝ። ወረቀቴን ስትመልስልኝ፣ ቀና ሳትል፣ «አንተም ያን ቀን ካልኩሌተር ይዘህ ነበር» አለችኝ።