ያልተነሣሁበት ወንበር

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ቆራሌው ለሚ ኩራ ካለው ኮንዶሚኒየማችን ሥር ቆሞ ሲጮህ፣ ሚስቴ ከአልጋ ሥር አንድ የድሮ ኮምፒውተር ጎትታ አወጣች። ይሄን እንኳ እንገላገለው፣ እስከ መቼ ቦታ ይዞብን ይኖራል አለች። ገመዱን ፈልጌ ሶኬቱ ላይ ሰካሁት። ስክሪን እንኳ አልነበረውም። ማራገቢያው መጀመሪያ አጓራ፣ ቀጥሎ እየተንቀጠቀጠ መዞር ጀመረ፣ ወዲያው ያ የሞቀ አቧራ ሽታ ክፍሉን ሞላው። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሚስቴ ያመመኝ መስሏት ደነገጠች።

ለእሷ ያልነገርኳትን ለአንተ ልንገርህ።

ያኔ የምንኖረው ሲኤምሲ ነበር። ሲኤምሲ ስልህ ደግሞ ቪላ እንዳይመስልህ። ከቪላው ጀርባ፣ የአከራዮቻችን መኪና ከሚቆምበት አለፍ ብሎ፣ ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ነበረች፤ እናቴ፣ ወንድሜና እኔ የምንኖረው እዚያች ውስጥ ነው። እናቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበረች። መሥሪያ ቤቷ ያረጁ ዕቃዎች ሲያስወግድ ነው ኮምፒውተሩን ያገኘችው፤ ለትምህርታችሁ ብላ አመጣችልን። ወንድሜ ሃያ ሁለት ሰፈር ካለ አንድ ኮምፒውተር ቤት በፍላሽ ጌም ይዞ መጣ፣ የትምህርቱ ነገርም በዚያው አበቃ።

ጨዋታው የድሮ ዘመን የፈረንጅ ነገሥታት ጨዋታ ነበር። ካርታ አለ፣ ግንብ አለ፣ ጋብቻ አለ፣ ሴራ አለ። አንድ ንጉሥ ይሰጥሃል፤ እሱን ሆነህ ትገዛለህ፤ ሲሞት ወራሹን ሆነህ ትቀጥላለህ። ጦርነት ሲመጣ የጦር አለቃ ልከህ ማዋጋት ትችላለህ። ከፈለግህ ግን ንጉሡ ራሱ ከፊት ይሰለፍና የጠላትን ንጉሥ አንድ ለአንድ ይገጥማል። ካሸነፈ ጦርነቱ እዚያው ያልቃል። ከተሸነፈ የሚያልቀው እሱ ነው።

ወንድሜ አንድም ቀን የጦር አለቃ ልኮ አያውቅም። ንጉሥ ነኝ ያለ ሰው ይውጣ፣ ይል ነበር። ይሄን የሚለው ደግሞ ከታክሲ መውረጃው እስከ ቤታችን ያለችውን መንገድ አንድ ትንፋሽ መሄድ የማይችል ልጅ ነው። በልጅነቱ ጉሮሮውን ያመው ነበር፤ እናቴ ብርድ ነው ብላ በማርና በሎሚ ስታባብለው፣ በሽታው ለካ ወደ ልቡ ወርዷል። የልቡ በር በደንብ አይዘጋም ነው ያሉን። በየወሩ መርፌ ይወጋል፤ ለቀዶ ጥገናም ስሙ ወረፋ ላይ ነበር። መንገድ ላይ ሲደክመው የጫማውን ክር ለማሰር ጎንበስ ይላል። ሰንደል ጫማ ያደረገ ቀንም ጎንበስ ይል ነበር። እኔም እንዳላየ ሆኜ የአላፊ አግዳሚውን መኪና እቆጥራለሁ።

ከኮምፒውተሩ ፊት ባለችው አንዲት ወንበር ስንጣላ የዳኘችን እናታችን ናት። ቀን ሙሉ ስንነታረክ ሰምታ ከጓዳ ብቅ አለችና፣ የእናንተ ንጉሥ ሞት የለበትም እንዴ? አንዱ ሲሞት ሌላው ይቀመጥ፣ አለችን። እንዲሁ ለመገላገል ያለችው ነገር ሕጋችን ሆኖ ቀረ። የነገሠው ንጉሥ እስኪሞት ወንበሩ የአንዳችን ነው፤ ሲሞት ደግሞ ተነሥተን ለሌላው እንለቃለን።

እንግዲህ አስበው። እሱ ዙፋን ላይ በወጣ በሳምንቱ ይገጥማል፤ አንዱን ያሸንፋል፣ ሁለተኛውን ያሸንፋል፣ ሦስተኛው ይገድለዋል። እየሳቀ ይነሣልኛል። የእኔ ነገሥታት ግን ከግንብ ዝር አይሉም። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? በአልጋቸው ላይ፣ በእርጅና፣ ልጅ የልጅ ልጅ ከቧቸው ነበር የሚሞቱት። በጨዋታው አንድ ዘመን ማለት በእኛ ቤት አንድ ሳምንት ነው። ሳምንቱን ሙሉ እሱ ከኋላዬ አልጋው ላይ ሆኖ ይጠብቃል።

ዝም ብሎ ግን አይጠብቅም። በእንግሊዝኛ የሚመጣውን መልእክት ሁሉ በቤተ መንግሥት አማርኛ እየተረጎመ ያነብልኝ ነበር። "ግርማዊ ሆይ፣ የሰሜኑ ንጉሥ ከበርዎ ቆሞ ይጠብቅዎታል፤ ይወጡለታል ወይስ እንደ ልማድዎ ያመዎታል?" ያመኛል፣ እላለሁ። ሳቁ ወደ ሳል እስኪለወጥ ይስቅብኛል። ከውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከአጥሩ የረጠበ ጥድ ይሸታል፤ ከቪላዎቹ ወዲያ የሚኒባስ ረዳት "መገናኛ! መገናኛ!" ይላል። ያ ክረምት እንደዚያ ነበር። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ፣ እሱ አሥራ ስምንት።

በዚያ ክረምት፣ በእሱ ተራ፣ ለንጉሡ የልጅ ልጅ ተወለደለት። የእያንዳንዱ ሰው ጉልበት በቁጥር ይጻፋል፤ የዚህ ልጅ ጉልበት ሃያ ሁለት ሆኖ ተጻፈ። እንደዚያ ያለ አይተን አናውቅም። ወንድሜ "የሃያ ሁለቱ ልጅ" ብሎ ጠራው፤ ሰይፍ የሚያስተምረውን ሰው ራሱ መርጦ ሰጠው። "አባትየው ያንተ፣ ልጁ የኔ" አለኝ። ከዚያ ተራው ቶሎ እንዲደርሰው ብሎ ንጉሡን ሆን ብሎ ከማይችለው ጋር አጋጠመው። ንጉሡ ሞተ፣ የልጁ አባት ነገሠ፣ እኔም ተቀመጥኩ።

አባትየውም አልሞት አለ። ሃምሳ ሞላው፣ ስድሳ ሞላው። ወንድሜ በዚያ ሳምንት ጋደም ማለት አቅቶት በሦስት ትራስ ተደግፎ ነበር የሚውለው። እግሩ አብጦ ካልሲው ክብ ምልክት ይተውበታል። "በሁለቱም ቦታ ወረፋ ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ" ብሎ ቀለደ፤ ሐኪም ቤቱንና ወንበሩን ማለቱ ነው። ንጉሤ ስድሳ ስምንት በሞላው ቀን ከሰዓት፣ ቀልዱን ትቶ ጠየቀኝ።

"ዛሬ አውጣው።"

"ማንን?"

"ሽማግሌውን። ይግጠም። ልጁ እያረጀብኝ ነው።"

"ሕግ ሕግ ነው" አልኩት፤ ዞሬም አላየሁት። "ሲሞት ትቀመጣለህ።"

እሺ አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት እኔን ነው። ከዚያች ቃል በላይ የምጸጸትበት ነገር በሕይወቴ የለም፤ ሌሎቹን ሁሉ ይቅር ብያቸዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ትንፋሹ ስላስቸገረው እናቴ በኮንትራት ታክሲ ሆስፒታል ወሰደችው። ሲወጣ በሩን ተደግፎ፣ ልጁን ጠብቅልኝ አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ታክሲው ሲሄድ ደስ ብሎኝ ነበር። ከኋላዬ የሚያስል፣ የሚተርክ፣ የሚቆጥርብኝ ሰው የለም። ለሁለት ቀን እንደ ልቤ ተጫወትኩ።

በማግሥቱ አንድ መልእክት መጣ። አጭር ነው። አልጋ ወራሹ በትኩሳት ሞቷል ይላል። ዕድሜው ሠላሳ ስምንት። ጦር ሜዳ አልላክሁትም፤ ከግንቡም አልወጣም። እዚያው እኔ በምጠብቅበት ቤት ውስጥ ሞተ። ሁለተኛ ልጅ አልነበረም፤ እሱም ልጅ አልወለደም ነበር። ያችን መልእክት የሚተረጉምልኝ ሰው ስላልነበረ ደጋግሜ አነበብኳት። ጨዋታውን ወደ ኋላ የምመልስበት፣ ቀደም ብሎ የተቀመጠ ሌላ ፋይል ፈለግሁ፤ አንድም አላገኘሁም። የሞተ ሞቷል ብሎ አንዱን ብቻ የሚተው ወንድሜ ነበር።

በማግሥቱ በጠያቂ ሰዓት ሄድኩ። ክፍሉ አልኮልና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። ወንድሜ ተቀምጦ ነበር፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ። ኮሪደሩ ላይ ሐኪሟ ለእናቴ ወረፋው ገና እንደሆነ፣ ቢደርስም አሁን ሰውነቱ እንደማይችለው ስትነግራት ሰምቻለሁ። እኔን ግን እናቴ "ጸልይ" ብቻ ነው ያለችኝ።

ወንድሜ ስለ ራሱ ምንም አላወራም። "ልጁስ?" አለኝ።

"ነግሧል" አልኩት።

ቀና አለ። "ሽማግሌው ሞተ? በምን?"

"አወጣሁት። ከሰሜኑ ንጉሥ ጋር ገጠመ።"

"አወጣኸው?" ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር፤ በዚያ ከንፈር ሳቀ። እጄን ያዘ። እጁ ቀዝቃዛ ነበር። "ጎበዝ። እንግዲህ ተራው የኔ ነው። እስክመጣ እንዳትነካው።"

አልነካውም አልኩት። በአራተኛው ቀን ጠዋት አረፈ።

ለለቅሶው ድንኳን ቪላው ግቢ ውስጥ ተተከለ። አከራያችን እስከዚያ ቀን ድረስ እንድንገባበት ያልተፈቀደልንን ትልቁን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ እናቴን ከብቦ ሲያለቅስ እኔ ወደ ሰርቪሷ ገብቼ ከወንበሩ ፊት ቆምኩ። ንጉሡን ላውጣው፣ ይግጠምና ይሙት አልኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። ደግሞ ወራሽ የለውም፤ እሱ ከሞተ ጨዋታው ያልቃል። አትንካው ብሎኛል፤ አልነካሁትም። ገመዱን ነቀልኩ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ኮምፒውተሩን ቤት በቀየርኩ ቁጥር አብሬ ይዤው ዞሬያለሁ። ውስጡ ያ ሰውዬ አሁንም አለ፤ ልጁን ቀብሮ፣ ግንቡ ውስጥ ብቻውን፣ ደህና ሆኖ።

ቅዳሜ ዕለት ሚስቴ ከጎኔ ቁጢጥ ብላ ማራገቢያውን አብራኝ ስትሰማ ቆየች። ቆራሌው ወደሚቀጥለው ብሎክ እያለፈ ነበር፤ ድምፁ ራቀ። ማን ይጫወትበታል ብለህ ነው የምታስቀምጠው አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

"ተራው የወንድሜ ነው" አልኳት።

የኮምፒውተሩን ሣጥን በእጇ ጠራርጋ ወደ አልጋው ሥር መለሰችው። እኔም እንደገና ዋሸሁ፤ ሽማግሌው ገና አልሞተም።