ጨው የሚበላው ጉድጓድ

ባለቤቴ ያደገችው አንኮበር፣ ከካህናት ቤት ነው። መሬት ውስጥ የተቀበረ ነገር ካየች፣ ቀባሪው የገዛ ባሏ ቢሆንም እንኳ፣ መተት ነው ከማለት የሚመልሳት የለም።

በጣሊያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ካምፕ የመብራት ሞተር ጠባቂ ነበርኩ። የሞተሩ አዛዥ የሆነው ጣሊያን አንዷን ሽቦ መርጦ ከመዳብ ሰሌዳ ጋር አሰራትና ሰሌዳውን ከአጥሩ ውጭ በከሰልና በጨው ሸፍነን ቀበርነው። በተሰባበረ አማርኛው እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ ሌላው ሽቦ ተበጥሶ ቆርቆሮ ቢነካ ኃይሉ በመሬት ዞሮ በዚህችው ሽቦ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፤ ያኔ ፊውዙ ይቃጠላል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ሰው ይተርፋል። እኔ የገባኝ ሽቦዋ እንደ በቅሎ ካስማ ላይ መታሰሯ ነው። የታሰረች ስለሆነች አትራገጥም፤ በየቀኑ በእጄ እጠርጋት ነበር። ጉድጓዱ እንዳይደርቅ ጠዋት ጠዋት ውሃ ማጠጣትም የእኔ ሥራ ነው።

ባለቤቴ ምሳ ስታመጣልኝ ይህን ሁሉ አየች። መዳብ፣ ከሰል፣ ጨው፣ ላዩ ላይ ደግሞ ውሃ! በዚያው ሳምንት የበኩር ልጃችን ትኩሳት ይዟት ተኝታለች። ሴትዮዋ ምን ትበል? እሑድ እኔ ቅዳሴ ላይ ሳለሁ ሄዳ ቆፈረችው። ሰሌዳውን ከሽቦው ነቅላ ቦይ ውስጥ ወረወረችው።

ሰኞ ዝናብ ስለነበር ጉድጓዱን ሳላጠጣው ዋልኩ። አመሻሽ ላይ ነፋስ ሌላውን ሽቦ በጥሶ እርጥብ መሬት ላይ በተተከለው የቆርቆሮ አጥር ላይ ጣለው። ፊውዙ ግን ዝም አለ፤ የሞተር ቤቱ መብራትም እንደ ወትሮው ቦግ ብሎ ይበራል። እኔም ምንም ሳልጠረጥር ያቺን እስረኛ ሽቦ ልጠርግ ነካኋት። ረገጠችኝ! ነፍሴን ሳውቅ ግድግዳ ሥር ተዘርሬ መዳፌ ይጨሳል።

ጣሊያኑ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ጉድጓዱ ሮጠ። ባዶ ነው፤ ለካስ ካስማዋ ተነቅሎ፣ ኃይሉ የመሬት መንገዱን ሲያጣ በእኔ በኩል ተመልሶ ነው።

«ማን ነው? ሽፍታ?» አለ፣ እጁን ሽጉጡ ላይ አድርጎ።

በዚያን ጊዜ የካምፑን ሽቦ ያበላሸ ሰው ይሰቀላል። እኔ ደግሞ ትናንት የበላሁት ሽሮ ከሰል ከሰል ይል እንደነበር ትዝ አለኝ።

«በቅሎዎችህ ናቸው፣ ጌታዬ! ጨው ሸቷቸው ቆፍረውት ነው» አልኩ።

አላመነኝም። ደግነቱ አንዲት የካምፑ በቅሎ እዚያው ስትግጥ ነበርና ቀስ ብላ መጥታ የጉድጓዱን አፍ ትልሰው ጀመር። ጣሊያኑ በአገሩ ቋንቋ ስድቡን አወረደባት። እኔ ግን ግንባሯን ብስማት ደስ ባለኝ።

ቤት ስገባ «መተት ነው ካልሽ ጨውን ለምን ወጥ ውስጥ ጨመርሽው?» አልኳት።

«ጨው ምን አጠፋ? ጨው የእግዜር ነው፤ መተት አይዘውም።»

መዳፌን ዘርግቼ አሳየኋት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ገድዬዎት ነበር እኮ!»

የተረፈውን ጨው ቋጥራ ሰጠችኝና ሰሌዳውን ከቦዩ አውጥተን መልሰን ቀበርነው። ሳምንቱን ሙሉ ጨው የሌለው ወጥ በላን። ልጃችን በዚያው ሳምንት ተሻላት፤ ባለቤቴም እስከ ዛሬ «ስለቆፈርኩት ነው» ትላለች። ይሁን፣ አልከራከራትም። ከዚያ ወዲህ ጉድጓዱን ጠዋት ጠዋት እያማተበች ውሃ የምታጠጣው እሷው ነበረች።