ያልደረቀው እጅጌ

በአውሮፕላን ማረፊያው ነዳጅ የሚሞላው ሰው እውነተኛ ስሙ የቀረው መታወቂያው ላይ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጋሼ ጠብታ ብሎ ነው። ቅጽል ስሙ ከልማዱ የወጣ ነው። አንዲት ትንሽ አውሮፕላን በሞላ ቁጥር ከክንፏ ሥር ጥቂት ይቀዳና ነጭ ወረቀት ላይ አንዲት ጠብታ ይጥላል። ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ቤንዚን ከሆነ ተንኖ ይጠፋል፤ ወረቀቱ ምንም እንዳልነካው ንጹሕ ይሆናል። ላምባ ከሆነ ግን ቅባታም ክብ ትቶ ይቀራል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሞተር ሲያጠጣ ኖሯልና የሞተሮችን ጠባይ እንደ አማቾቹ ጠባይ ያውቀዋል። ፒስተን ያላቸው ትንንሾቹ ሰማያዊ ቀለም የገባበት ቤንዚን ካልሆነ አይቀምሱም፤ ካንዴላ እሳት ሲጭርባቸው ቱግ የሚሉ ቁጡዎች ናቸው። ትልልቆቹ ጄቶችና በጄት ሞተር ፕሮፔለር የሚያዞሩት መካከለኞቹ የሚጠጡት የተጣራ ላምባ ነው። ይህ ነገር ዛሬም ድረስ ይደንቀዋል። መቶ ሰው ተሸክሞ ደመና የሚሰነጥቀው ያ ሁሉ ጉልበት፣ ሚስቱ ሩዝ በምትቀቅልበት ምድጃ ውስጥ ካለው ፈሳሽ ጋር የቅርብ ዘመድ መሆኑ!

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ዘሩ ተደባለቀ። የበረራ ትምህርት ቤቱ ካሉት ሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖች የአንደኛዋ ሞተር ወጥቶ፣ እንደ ናፍጣ መኪና ያለ ካንዴላ የሚሠራ፣ ላምባ የሚጠጣ ሞተር ተተካላት። የላምባው ቦቴ የቱቦ አፍ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ በቤንዚን አውሮፕላን ጠባብ ቀዳዳ እንዳይገባ ታስቦ የተሠራ። ለዚህች ባለ አዲስ ሞተር ሲባል ግን ጠባብ አፍ ይገጠምለታል። እሷ እንደጠገበች ወዲያው መፈታት አለበት።

አንድ ቀን ጠዋት ግን አልፈታውም። የሥራ ባልደረባው ጡረታ ከወጣ ስምንት ወር ሆኖታል፤ በቦታው የመጣ ሰው የለም። የቤንዚኑንም የላምባውንም ቦቴ የሚነዳው እሱ፣ መሰላል የሚወጣው እሱ፣ ቱቦ የሚጎትተው እሱ ነው። ጉልበቱ እንደ ዛገ ማጠፊያ ይንቋቋል። «ከምሳ በኋላ እፈታዋለሁ» አለ ለራሱ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል የቤንዚኗን አውሮፕላን እንዲሞላ ተነገረው፤ ስምንት ሰዓት ላይ አንዲት ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ትበርባታለች። ሞላ። መሰላሉን ሲወርድ ቱቦው እጅጌው ላይ ረጨበት። ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ለማጎንበስ ግን ወገቡ እምቢ አለው። ጠብታ ሳይጥል ብስክሌቱን ይዞ ለምሳ ወደ ቤቱ ሄደ።

«አንተ ሰው፣ እጅህን ታጠብ!» አለችው ሚስቱ ሩዙን እያቀረበች።

«ታጠብኩ እኮ።»

«እጅጌህስ? ያው እንደራሰ ነው።»

«ቤንዚን ነው። የተማሪዋን አውሮፕላን ስሞላ ረጨኝ፤ ይደርቃል።»

«መቼ ነው የሞላኸው?»

«አንድ ሰዓት አልፎታል።»

ጎንበስ ብላ እጅጌውን አሸተተች። «ቤንዚን ይህን ያህል ሳይደርቅ ይቆያል? ይሄማ የምድጃዬ ላምባ ነው። ልብስህን ሳጥብ ስንት ዓመት በዚህ አፍንጫዬ ሳሸተው ኖሬ!»

ማንኪያው አፉ ሳይደርስ ቆመ። ጠዋት ሙሉ የተቀመጠው የላምባው ቦቴ ውስጥ ነበር። የቤንዚኗን አውሮፕላን ሙላ ሲሉትም እግሩ የወሰደው ወደዚያው ነው። ያልፈታው ጠባብ አፍ ሰተት ብሎ ስለገባ የሚያቆመው ነገር አልነበረም።

«ደውልላቸው እንጂ!»

«ስልኬ መሥሪያ ቤት ሣጥኔ ውስጥ ነው» አለ። ቦቴ አጠገብ ስልክ ክልክል ነው። በቃሉ የሚያውቀውም ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ የሷ።

ብስክሌቱን እንዴት እንደነዳው አያስታውስም። ሲደርስ ፕሮፔለሩ እየዞረ ነበር፤ ልጅቷ ብቻዋን ተቀምጣለች፣ አስተማሪዋ ከጎን ቆሞ ይመለከታል። ጋሼ ጠብታ ብስክሌቱን ወርውሮ ልጅቷ ከምታየው ቦታ ፊት ለፊት ቆመና ሁለት እጆቹን አጣምሮ ከፍ አደረገ፤ ከዚያ «ሞተሩን አጥፊ» ለማለት መዳፉን አንገቱ ላይ አሳለፈ። ሞተሩ ተንተፋትፎ ጠፋ።

«አብደዋል እንዴ ጋሼ?» አለ አስተማሪው። «ቀኗ ነው እኮ!»

ጋሼ ጠብታ ክንፉ ሥር ተንበርክኮ ቀዳ፤ ወረቀቱን አወጣ፤ ጠብታዋን ጣለ። ልጅቷም ወረደች፤ ሦስቱም ወረቀቱን ትክ ብለው አዩት። ክቡ አልጠፋም።

አስተማሪው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማንም አልሰማም። ነዳጁ ውሃ ገብቶበት ነው ብለን ታንኩን እናስገልብጠው። ለጡረታ አንድ ዓመት ነው የቀረዎት።»

«ውሃ ምን በደለ?» አለ ጋሼ ጠብታ፤ ለመነሣት የክንፉን ምሰሶ እየተደገፈ። «ያደረግኩት እኔ ነኝ። ያ ጠባብ አፍም አሁን ቦቴው ላይ ነው። ውሃ ነው ካልን ነገም እዚያው ይውላል።»

አለቃው መጥቶ ቃሉን ተቀበለ፤ እስኪጣራ ድረስ ከቦቴ እንዲርቅ ነግሮት መታወቂያውን ከአንገቱ ላይ ወሰደ። ጋሼ ጠብታ የመሰላሉ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ አጠገቡ መጣች።

«ጋሼ፣ እስከ የት ያደርሰኝ ነበር?»

ሊዋሻት ፈለገ፤ አቃተው። «የሞተሩ ቱቦ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ከመሬት ለመነሣት ይበቃሽ ነበር። ለመመለስ ግን አይበቃሽም።»

ቤቱ የደረሰው ብስክሌቱን እየገፋ ነው። ሚስቱ በር ላይ ቆማለች።

«ልጅቷስ?»

«መሬት ላይ ናት።»

«አንተስ?»

«እኔም መሬት ላይ ነኝ።»

ባዶ አንገቱን አየች። ሸሚዙን ተቀበለችው፤ እንደ ልማዷ ግን ሳፋ ውስጥ አልዘፈዘፈችውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትረግመው የኖረችውን ሽታ እንደ ክት ልብስ መስኮቱ አጠገብ ምስማር ላይ ሰቀለችው። እጅጌው ገና አልደረቀም።

«ሩዝህ ቀዝቅዟል» አለች፤ ምድጃውን ለመለኮስ ክብሪት እየፈለገች።