ከበሬ ሣር እስከ ድራይቪንግ ሬንጅ

በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው የአጎቴ መንደር የበሬ ሣር በሽቦ መታጠር ጀመረ። ሠራተኞቹ ከቀትር በፊት ጨርሰው ሄዱ። በሩ ላይ የሰቀሉት ሰሌዳ «ድራይቪንግ ሬንጅ» ይላል፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም።

ለበዓሉ ከምሠራበት ከተማ መጥቼ አጎቴ ቤት ነበርኩ።

የበሬ ሣር መንደሩ በጋራ የሚጠብቀው መስክ ነው። ላም፣ አህያና በግ አይገቡበትም። ክረምቱን ተዘግቶ ይከርምና በበጋ፣ ገለባው ሲመናመን፣ ለእርሻ በሬዎች ብቻ ይከፈታል። በሬዎቹ በሰኔ ቀንበር የሚሸከሙት በዚያ ሣር ጉልበት ነው። አጎቴ የሣሩ ዳኛ ነበሩ። ያለ ፈቃድ የገባን ከብት ያስራሉ፤ ባለቤቱ መጥቶ ዳግመኛ እንዳይገባ አደርጋለሁ ብሎ እስኪምል አይለቁም። የገዛ እህታቸውን፣ የእናቴን፣ ላም ሳይቀር አስረው አሳድረዋል።

መስኩ የተሰጠበት ስብሰባ የተደረገው በጥቅምት ነው። እኔ አልነበርኩም፤ አጎቴንና ሦስት ጎረቤቶቻቸውን ለየብቻ ጠይቄ ነው ያረጋገጥኩት። የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራ ያሰበ ባለሀብት መስኩን ለመለማመጃ ፈልጎታል ተባለ። ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን ይዞ የመጣውን ወጣት የወረዳ መሬት ባለሙያ ሁለት ነገር ጠየቁት።

«ይታረሳል?»

«አይታረስም።»

«ቤት ይሠራበታል?»

«አይሠራበትም። ሣሩ እንዳለ ይቆያል፤ እንዲያውም ይለማል።»

ባለሙያው አልዋሸም። በእነሱ ልምድ መሬት ከጋራነት የሚወጣው ወይ ሲታረስ፣ ወይ ጎጆ ሲቀለስበት ነው። ሣር ሆኖ የሚቀር መሬት ከበሬ ይወሰዳል ብሎ የገመተ አልነበረም። ሁሉም እጅ አወጡ። መጀመሪያ ያወጡት አጎቴ ናቸው።

ሽቦው በታጠረ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰው ተሰብስቦ ሲያይ አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ጋዜጠኛ ነህ። ይኸ ስም ምን ማለት ነው?»

ጎልፍ የሚባል ጨዋታ እንዳለ፣ ትንሽ ኳስ በዘንግ እየመቱ ራቅ ካለ ጉድጓድ የሚያስገቡበት እንደሆነ ነገርኳቸው። ድራይቪንግ ሬንጅ ግን ጨዋታው የሚካሄድበት ሜዳ አይደለም። ሰዎች በአንዱ ጫፍ በተርታ ቆመው ኳሱን አሻግረው መምታት የሚለማመዱበት ነው። መስኩ ላይ ርቀት የሚያሳዩ ምልክቶች ይተከላሉ፤ ኳሶቹ ተለቅመው ይመለሱና እንደገና ይመታሉ።

«ጉድጓዱስ?»

«እዚህ ጉድጓድ የለም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ማን ያሸንፋል?»

«ማንም። ክንድ ማፍታቻ ነው።»

ከኋላችን የቆመ ጎረቤታቸው ጣልቃ ገባ። «ይኸ እንግዲህ ለልምምዱ ነው። ጨዋታው የመጣ ዕለት የጉናን ተራራ ያጥሩታል።»

ሰው ሳቀ። አጎቴ አልሳቁም።

«በሬ ቢገባስ?» አሉኝ።

«አይፈቀድም። ኳሱ ከብት ይጎዳል፤ እነሱም ኮቴ የረገጠው ሣር አይፈልጉም።»

«ይኸን አልጠየቅንም» አሉ ቀስ ብለው።

«ከብት ማሰር የለመደ እጅ ቶሎ ይነሣል» አለ ጎረቤቱ። ባለፈው ዓመት አጎቴ አህያውን አስረውበታል።

ሰኞ አብረን ወደ ባለሙያው ቢሮ ሄድን። ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው።

«አባቴ፣ ያልነውን አፈረስን? ታረሰ?»

«አልታረሰም።»

«ቤት ተሠራበት?»

«አልተሠራበትም።»

«ታዲያ ምን አጠፋን?»

ልምምዱ መቼ እንደሚጀመር ጠየቅኩት። ባለሀብቱ ሲመጣ፣ አለኝ። ባለሀብቱ መቼ እንደሚመጣም ጠየቅኩት። አያውቅም።

ሚያዝያ ላይ ለፋሲካ ስመለስ የአጎቴ በሬዎች የጎድን አጥንታቸው ይታይ ነበር። ገለባው ከጾሙ አጋማሽ በፊት አልቋል። ከበዓሉ በኋላ ከጥማዱ የግራው በሬ የሽቦውን ሥር ፈልቅቆ ገባ። አዲሱ ጥበቃ የዚያው መንደር ጎልማሳ ነው፤ በሬውን ከበሩ ምሰሶ ጋር አሰረው። አጎቴ ሊያስፈቱ ሲሄዱ አብሬ ሄድኩ።

«ይማሉልኛ፣ አባባ» አለ ሳይነሣ። «እርስዎ ያስተማሩን ሥርዓት ነው።»

«ማን ፊት ልማል?»

«ልጅዎ ቆሟል። ከተሜም ቢሆን ሰው ነው።»

አጎቴ ነጠላቸውን አስተካክለው በእኔ ፊት ማሉ። በሬውን ራሳቸው ፈቱት።

በሰኔ፣ ማሳው ለስንዴ ሲደገም፣ ያ በሬ ቀንበር እንደተሸከመ ወደቀ። አልተነሣም። አጎቴ የቀረውን በሬ የሚያቀናጅላቸው ሰው ፈለጉ። የራሱን በሬ ከከሲታ ጋር ማጣመር የወደደ አልተገኘም።

«ሬንጅ» የሚለው ቃል ከተማው ውስጥ ሥራ አግኝቷል። መካነ ኢየሱስ ላይ ወጣቶቹ ታጥሮ ማንም የማይጠቀምበትን ነገር ሁሉ ሬንጅ ይሉታል። ቁልፉ የጠፋ አዳራሽ ሬንጅ ነው። መጋረጃው የማይነሣ ሱቅም እንደዚሁ። አንዱ ጓደኛውን «ፀጉርህን እንዲህ አበጥረህ ለማን ነው? ሬንጅ» ሲለው ሻይ ቤት ውስጥ ሰምቻለሁ። ለአጎቴ አልነገርኳቸውም።

ነሐሴ ላይ ሄጄ መስኩን በሽቦው ዙሪያ ዞሬ አየሁት። ሣሩ ከጉልበት በላይ ደርሷል። የርቀት ምልክት አልተተከለም። ጥበቃው እስካሁን አንድም ኳስ እንዳልተመታ ነገረኝ፤ ባለሙያውም ይህንኑ አረጋገጠልኝ።

የአጎቴ ማሳ ዘንድሮ ምርቱን ለሁለት ለመካፈል ለእኩል አራሽ ተሰጥቷል። የሚያርሰው አህያው ታስሮበት የነበረው ጎረቤት ነው።